የማዶዋ ሴትዮ

እዚህ ውጭ አገር የምኖርበት ቬሊንግቢ የተሟላ ሰፈር ነው፤ ሱቁ፣ ጤና ጣቢያው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ባቡሩ፣ ሁሉም ከደጃፌ ነው። ይህ ግን ለእናቴ አልዋጥ አላት። ከአዲስ አበባ በመጣች በሳምንቱ፣ «ሰላም የሚለኝ ሰው ከሌለ ምኑ ሰፈር ነው? ትኬቴን ቁረጪልኝ» አለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ብትመለስ ማን ያያታል? እኔም ግትር ነኝና አኮረፍኳት።

ከዚያ የማዶዋን ሴትዮ አገኘች። ከግቢው ባሻገር ባለው ሕንጻ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሲመሽ መስኮቱ ላይ መብራት ይበራል፤ አጠገቡ ጥላ ይታያል። የእናቴ ዓይን ደከም ብሏል። በየምሽቱ እጇን ታውለበልባለች፤ ጥላው ንቅንቅ አይልም። «ኮራ ያለች ናት፤ ትለምደኛለች» ትላለች። «እሷ ሰላም ካለችኝ እቆያለሁ።»

አንድ ምሽት፣ ውሻውን ሊያናፍስ የወጣ የዚያን ሕንጻ ነዋሪ ስለ ሴትዮዋ ጠየቅሁት። ከጸደይ ጀምሮ አረጋውያን መጦሪያ ገብታለች፣ ቤቱ ባዶ ነው አለኝ። ልጆቿ ሌባ እንዳይደፍረው መብራቱ በራሱ እንዲበራና እንዲጠፋ አድርገውታል። ጥላውም የፕላስቲክ አበባ ነው። ቀና ብዬ አየሁ፤ የግቢው መስኮቶች ሁሉ ላይ መብራት አለ። ስንቱ ቤት ሰው እንዳለበት እንጃ። ቀን ቀን የማውቀውን ግቢ ፈራሁት።

ለእናቴ መንገር አልቻልኩም። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ወደ ማዶ ተሻገርኩ፤ ባለውሻው በሩን ያዘልኝ። የደረጃው መስኮት ከሴትዮዋ መስኮት ጎን ነው። ከዚያ ሆኜ ቤቴን አየሁት። መብራት በርቷል፤ አጠገቡ አንድ ጥላ ተቀምጧል፤ ንቅንቅ አይልም። እናቴ መሆኗን እያወቅሁ ልቤ እሺ አላለኝም። ለማጣራት ያህል እጄን አነሳሁ። ጥላው ብድግ ብሎ በሁለት እጁ አውለበለበ።

ቤት ስገባ ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ። «መለሰችልኝ። ትኬቱ ይቅር» አለች።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ መልስ እዚያ ደረጃ ላይ ቆሜ ሰላም እላታለሁ። ትናንት ግን አሞኝ ቤት ዋልኩ። እናቴ ሲመሽ እንደ ልማዷ መስኮቱ ጋ ሄዳ አውለበለበች፤ ጥቂት ቆማ ሳቀች።

«ዛሬስ በሁለት እጇ ነው» አለችኝ።

ሶፋው ላይ ተኝቼ ነበር። ተነስቼ ለማየት አልደፈርኩም።