ያልጻፍኩት ቃል

የያዙኝ ሆሳዕና፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ቢሮዬ ነው። ሥራዬ ለሰው መጽሐፍ መጻፍ ነው። ባለታሪኩ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ሽፋኑ ላይ የሱ ስም ይወጣል። የአንድ የቀድሞ ሹም መጽሐፍ የድሮ አለቆቹን አስቆጣና ሰውየው ሲጠየቅ፣ «እኔ ስሜን ነው የሰጠሁት፤ የጻፈው እሱ ነው» አለ። በሥራ ዘመኔ አንድ መጽሐፍ የኔ ነው ሲባል ያ የመጀመሪያው ነው።

የታሰርኩባት ክፍል ጠባብ ናት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ከሰዓት ትግላለች፤ ዝናብ ሲመጣ መነጋገር አይቻልም። ከግድግዳው ማዶ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። ቸኩሎ የሚሄድ ሰው እንዲህ ያስቀናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጠጋ ብለው ቦታ የሰጡኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። የዱራሜ ሰው፣ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር። ሆሳዕና ለስብሰባ መጥተው፣ ተነሥተው በተናገሩት ነው የታሰሩት። ሥራዬን ሲሰሙ ሳቁ።

«እኔም መጽሐፍ አለኝ» አሉ ደረታቸውን ነካ አድርገው። «እዚህ ነው ያለው። ሦስት ጊዜ ‹የተወለድኩት› ብዬ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ከልደትዎ አይጀምሩ» አልኳቸው። «ሲያወሩት ድምፅዎ ከሚለወጥበት ይጀምሩ።»

ስለ ባለቤታቸው አወሩኝ። ጊምቢቹ ከተማ ሲያስተምሩ ያገኟት የሀዲያ ልጅ ናት። እሳቸው ሀዲይኛ አይችሉም፣ እሷ ከምባትኛ አትችልም፤ የተግባቡት በአማርኛ ነው፣ ሁለቱም እየተሳሳቱ።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት እየተሳሳትን ኖርን» አሉ። ድምፃቸው እዚያ ላይ ተለወጠ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሠራን። ወረቀት የለንም። የነገሩኝን በቃሌ ይዤ በማግስቱ መልሼ አሰማቸዋለሁ። ያሳመርኩትን ወዲያው ያውቁታል።

«ጨረቃ መስላ ነበር አላልኩም፤ ጫማዋ ጭቃ ነበር ነው ያልኩህ።»

ልክ ነበሩ። ለሰው የሚጽፍ ሰው ትልቁ ፈተናው ማሳመር ነው። ጭቃውን ከጠረገ ሰውየውም አብሮ ይጠረጋል። ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሳቸው ነው የተማርኩት።

እሑድ ግን አንሠራም። ከሩቅ ጸሎት ቤት የመዘምራን ድምፅ ሲመጣ መምህሩ ያዳምጣሉ። አጠገባቸው ለሚቀመጥ ሰው ቦታ እንደሚለቁ ሁሉ ትንሽ ፈቀቅ ይሉ ነበር። ያንን እያየሁ እኔም ቤቴ ይናፍቀኝ ነበር።

አንድ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ነበር።

«ሽማግሌው ቃል አልሰጥም ብለዋል» አለ። «አንተ አነጋገራቸውን ታውቃለህ። ሕዝቡን ለአመፅ እንደቀሰቀሱ አድርገህ፣ በሳቸው አፍ ጻፈው። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ያኔ ልጄ መራመድ ልትጀምር ዳር ዳር ትል ነበር። አልዋሽም፣ እስክሪብቶውን አነሣሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንኳን መጣልኝ፤ ቁጭ የሳቸው ድምፅ። የደነገጥኩት ያኔ ነው።

እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩት። «ባለታሪኩ ያልተናገረውን አልጽፍም።»

«ስንቱን መጽሐፍ በሰው ስም ጽፈህ የለም እንዴ?»

«ጽፌያለሁ። አንብበው እሺ እያሉኝ።»

ወረቀቱን ሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት ቆየሁ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ መምህሩ ምን እንዳሉኝ ጠየቁ።

«ምንም» አልኳቸው። «የት ላይ ነበር ያቆምነው?»

ትንሽ አየት አደረጉኝና ቀጠሉ።

ስፈታ ልጄ ሮጣ ተቀበለችኝ፤ የመጀመሪያ እርምጃዋ አመለጠኝ። መምህሩም ቆይተው ተፈቱ። መጽሐፉን ዱራሜ፣ እቤታቸው ተቀምጠን ጻፍነው። ካለቀ በኋላ ዓመት ሙሉ አረሙት። ቃል ይለውጣሉ፣ መልሰው የድሮውን ያስገባሉ። «ጋሼ፣ ይበቃዋል፤ ማተሚያ ቤት እንስጠው» ስላቸው «አንዴ ልየው» ይሉኛል። አሁን ሊያጽፍ ለሚመጣ ሁሉ እነግረዋለሁ፦ አርም፣ ግን በሕይወት እያለህ አሳትም። መምህሩ መጽሐፋቸው ታትሞ ሲመጣ አላዩትም።

ባለፈው ወር ባለቤታቸው ከዱራሜ ድረስ ቢሮዬ መጡ። መጽሐፉን ከፌስታል አውጥተው ፊቴ አስቀመጡት።

«አነበብኩት» አሉ። «ወንዝ ሞልቶ ማዶና ማዶ የቆምንበትን ቀን ግን አልነገረህም። እኔ ነኝ የተሻገርኩት። እሱ ፈርቶ ቆሞ ነበር። አሁን የኔን ጻፍ።»

የድምፅ መቅጃውን ከፈትኩ። እስከ እኩለ ቀን አወሩ። አንዳንዴ መሐል ላይ ያቆሙና ይጠብቃሉ፤ እኔም አብሬ እጠብቃለሁ።

«ቢኖር ኖሮ እዚህ ላይ ይከራከረኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«ይከራከሩ ነበር» አልኩ።

ማናችንም ለመነሣት አልቸኮልንም።