ቫቲካን ያስጣለችኝ ዋንጫ

ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት በተወዳደርኩበት የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር፣ በሕዝብ ብዛት ከዓለም ትንሿ አገር የትኛዋ ናት ተብዬ «ቫቲካን» አልኩ። ዳኛው ጋሽ ጴጥሮስ «የጠየቅንህ አገር እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለም!» ብለው ዜሮ ሰጡኝ። አዳራሹ ሳቀብኝ፤ ዋንጫውን ሌላ ልጅ ወሰደው። ዲግሪ ከያዝኩ በኋላ እንኳ ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ባለፈው ቅዳሜ ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ ስወጣ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት እሳቸው ሆነው አገኘኋቸው። አላወቁኝም። ዳገቱን እስክናጋምስ ታገስኩና ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ በሕዝብ ብዛት ከዓለም ትንሿ አገር የትኛዋ ናት?»

«ቫቲካን ናታ!» አሉ፣ ለአፍታ እንኳ ሳያስቡ።

«ታዲያ እኔን ለምን ጣሉኝ?»

ትክ ብለው አዩኝና በሳቅ ፈነዱ። «የቫቲካኑ ልጅ! ያኔም አውቅ ነበር እኮ። ግን ያ ዋንጫውን የወሰደው ልጅ እህት ነበረችው። በማግስቱ ለእሷ ሽማግሌ ልልክ ነው፤ ወንድሟን እንዴት ልጣለው?»

ይሄኔ ከፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው በሁለት እጃቸው እጄን ያዙኝ።

«ውይ የኔ ልጅ! ለካ ያጋባኸን አንተ ነህ!»