የግራ እጄ ትንሿ ጣት

የተያዝኩት ሰሌዳ ላይ የኖታ መስመር ሳሰምር ነው። ያኔ ጎንደር ውስጥ የሙዚቃ መምህር ነበርኩ። አራቱን መስመር ስቤ አምስተኛውን ልጀምር ስል ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው ለአምስት ደቂቃ እንደምፈለግ ነገሩኝ። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ጥፋቴ ወገኖቼን በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ማሻገር ነው ተባለ። ውሸት አልነበረም፤ ለአክስቴ ልጅ መንገድ አሳይቻለሁ። አምስቱ ደቂቃ ሰባት ወር ፈጀ።

ሳክስፎኔ ትምህርት ቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ቀረ። ልጅ ሆኜ የፖሊስ ማርሽ ባንድ አደባባይ ላይ ሲጫወት ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ እንደ እሱ የወደድኩት ነገር የለም። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ስቃለች፣ ስለዚህ መጻፉ አያጣላንም።

የእስር ቤቱ ክፍል እርጥብ ሲሚንቶና የጎማ ጫማ ይሸታል። ሰው ስለበዛ የምንተኛው በጎናችን ነው፤ አንዱ ሲገለበጥ ሁሉም ይገለበጣል። በሦስተኛው ሳምንት ለምርመራ ወሰዱኝ። ሁለት ክንዴን ወደ ኋላ አስረው ከጧት እስከ ማታ አቆዩኝ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ገመዱ ሲፈታ ግራ እጄ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። ውሎ አድሮ አራቱ ጣቶች አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ትንሿ ግን እንደተጣጠፈች ቀረች። ለሌላ ሰው ኢምንት ነገር ነው፤ ለማንኪያም ለእርሳስም አትፈለግም። የሳክስፎን ወፍራም ድምፆች ግን ያለ እሷ አይወጡም። ከሞት ይልቅ ያቺን ጣት ማጣት ፈራሁ ብል ትታዘቡኝ ይሆናል። ግን እንደዚያ ነበር።

አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ነበሩ። ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ። በልጅነቴ በመንደራችን ሌላ እምነት ያለው ሰው የነካን እንደሆነ ታጥበን ነው ቤት የምንገባው። የኔታ ይህን ያውቃሉ። በዚያ ሁሉ ጥበት እንኳ እንዳይነኩኝ ብለው በመካከላችን አንድ ስንዝር ይተዉ ነበር።

አንድ ጧት ጣቴን በሌላው እጄ እየጎተትኩ ሳለቅስ አዩኝ። እጄን እያዩ፣

«ልሽልህ? ሕግህ ይፈቅዳል?» አሉኝ።

«የኔታ፣ እስካሁን የነኩኝ ሰዎች አልጠየቁኝም» አልኳቸው።

ሳቁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወጡ ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት እያጠራቀሙ በየጧቱ እጄን ያሹኝ ጀመር። ማሸት ብቻውን አይበቃም፣ ካልሠራች አትድንም ብለው ሙያዬን እንድለማመድም ግድ አሉኝ። ማንጎራጎር ክልክል ነው። ስለዚህ ሰሌኔን ጠቅልዬ እንደ ሳክስፎን ያዝኩት። ለተማሪዎቼ በባቲ ቅኝት የደረስኳትን አጭር ዜማ አንድ ጊዜ ብቻ በጆሯቸው አንጎራጎርኩላቸው፤ በቃቸው። ከዚያ ወዲያ ዜማውን ከጣቶቼ ላይ ያነቡት ነበር። የመጨረሻዋ ወፍራም ድምፅ ጋ ስደርስ ያስቆሙኛል።

«ያቺን ዘለልካት። ድገም።»

«አትታዘዝም እኮ፣ የኔታ።»

«አውቃለሁ። ድገም።»

ስንት ተማሪ በዚህች «ድገም» እንዳስመረሩ እግዜር ይወቅ። እኔንም አስመርረውኛል። አንዳንድ ቀን ተኝቻለሁ ብዬ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ አያምኑኝም።

በሰባተኛው ወር አንድ ጧት ሰሌኑን ይዤ ዜማዋን አጋምሼ ሳለሁ በሩ ተከፈተ። ጠባቂው ስሜን ጠርቶ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» አለኝ። እንዲህ ተብለው ከወጡት አንዳንዶቹ ቤታቸው ገብተዋል፣ ሌሎቹ የት እንደደረሱ አይታወቅም። ጣቶቼ ሰሌኑ ላይ ቆሙ።

«ጨርስ» አሉኝ የኔታ ቀስ ብለው።

ጠባቂውን ቀና ብዬ አየሁትና «አሁን እጨርሳለሁ» አልኩት። ለምን እንደታገሠኝ ዛሬም አላውቅም። ምናልባት እብድ ነው ብሎ ይሆናል። ድምፅ የሌላትን ዜማ ሁሉም እያየኝ ቀጠልኩ፤ ሳልቸኩል፣ ለተማሪዎቼ እንደማስተምረው። መጨረሻዋ ጋ ስደርስ ትንሿ ጣቴ ተንቀጠቀጠችና ሰሌኑን ተጫነች።

«አየኋት» አሉ የኔታ።

ወዴት እንደምወሰድ ሳላውቅ ደስ አለኝ። ብርድ ልብሴን እሳቸው እግር ላይ አልብሼ፣ እጃቸውን በሁለት እጄ ይዤ ተሰናበትኳቸው። በመካከላችን ስንዝር አልቀረም። ከዚያ አንድ ወረቀት አስፈረሙኝና በትልቁ በር አስወጡኝ። ፀሐይ ነበረች። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የኔታም በዓመቱ ተፈትተው ወደ ደቀ መዛሙርታቸው መመለሳቸውን ሰምቼ እፎይ አልኩ።

ዛሬ እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ነው የምኖረው፣ ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር። እዚህም ለልጆች ሙዚቃ ሳስተምር ቆይቼ ፔንሲያ፣ ጡረታ ማለት ነው፣ ወጣሁ። ከላያችን የምትኖር አሮጊት ጎረቤታችን፣ እዚህ ሽኼና የምንላት፣ ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ትተኛለች። አንድ ቀን በራችንን አንኳኩታ፣ በዚያ ሰዓት ባልጫወት ደስ እንደሚላት እያፈረች ነገረችኝ። በደስታ እሺ አልኳት። ሰው ጠይቆኝ ዝም ማለት እንዴት ደስ እንደሚል እሷ አታውቅም።

ስለዚህ በዚያ ሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጬ እዚህ የገዛሁትን ሳክስፎን ሳልነፋ በጣቶቼ ብቻ እጫወታለሁ። ትንሿ ጣቴ እንደ ሰነፍ ተማሪ ዘግይታ ነው የምትደርሰው፣ ግን ትደርሳለች። ከላይ የወንበር ድምፅ ሲሰማ ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና ትጣራለች።

«ሽኼናችን ተነስታለች፤ ንፋው በል።»

እነፋለሁ። የመጨረሻዋ ወፍራም ድምፅ ወጥታ ስታበቃ «ድገም» እላለሁ፣ ለራሴ። እደግማለሁ።