የብዙወርቅ ሰርግ ዝናብ

ብዙወርቅ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ አመል አላት፤ ወጡ ከወጣ በኋላ ድስቱን በጣቷ ጠርጋ ካልላሰች የበላች አይመስላትም። ከደጋ የመጡት እናቷ «ተይ አንቺ ልጅ፣ በሰርግሽ ቀን ይዘንብብሻል» እያሏት አደገች። እኛ ደገኞች እንዲህ ነው የምንለው፤ ሰርግ ላይ ከዘነበ ሙሽራዋ ድስት ስትልስ ኖራለች፣ ጉዷ ወጣ። ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ ምግብ ቤት ከከፈተች ወዲህማ አመሏ ባሰ። ድስቱ የራሷ፣ ማን ይከለክላታል?

አርባ ሊሞላት ሲል ጎዳና የሚባል የቦረና ከብት ነጋዴ ላግባሽ አላት፤ እሺ አለች። ችግሩ እናቱ ናቸው፣ ከሞያሌ ወጣ ባለችው በጎዶማ መንደር የሚኖሩት አዴ ሎኮ። ብዙወርቅን ጠልተው አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝናብ ጠብ ሳይል ከብታቸው አልቋል። እዚህ አገር ደግሞ ዝናብ ማለት ውሃ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲገናኝ «ዘነበ ወይ?» ነው የሚባባለው፤ ሰላሙም፣ ጥጋቡም፣ ምርቃቱም ዝናብ ነው። «በደረቅ መሬት ቆሜ አልመርቅም» ብለው ቀሩ። የብዙወርቅ አንጀት አረረ። አማት ያልመረቀው ትዳር ለእሷ ምኑም ትዳር አይደለም።

የሰርጉ ዕለት ገና ምሳ ሳይቀርብ ሰማዩ ጠቆረና ዶፉን አወረደው። ድንኳኑ አፈሰሰ፤ ቬሎዋን ጭቃ ነካው። ጓደኛዋ ሚሚ አፏን ይዛ «ድስት ላሿ፣ ነግረንሽ ነበር» ስትላት ደገኛው እንግዳ በሳቅ ፈረሰ። ብዙወርቅ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በዚህ ጭቃማ አማቷ ጭራሽ አይመጡም።

መጡ እንጂ። በቦዳቦዳ ሞተር፣ ከራስ እስከ እግራቸው በስብሰው።

«ጎዶማም ዘነበ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ግን ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?»

ጎዳና በኦሮምኛ አስረዳቸው። አሮጊቷ ሙሽራዋን ትክ ብለው አዩዋት።

«ይቺ ልጅ ድስት ስትልስ ይዘንባል ነው የምትሉኝ?»

«እንዲያ ይባላል፣ እናቴ» አለ ጎዳና።

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ የት ደብቃችኋት ነበር? ድስቱን አምጡ።»

ትልቁ የዶሮ ወጥ ድስት መጣ። አዴ ሎኮ እጃቸውን በብዙወርቅ ራስ ላይ ጭነው ምርቃቱን አንድ በአንድ አወረዱት፤ የብዙወርቅ እንባ ከዝናቡ ጋር ተቀላቀለ። ከዚያ አሮጊቷ ራሳቸው ጣታቸውን ድስቱ ውስጥ ሰደዱ። ሙሽራዋም በቬሎዋ ቁጢጥ ብላ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እንደ ልቧ ላሰች። ሚሚ እንኳ ሳትቀር ተሰለፈች።

ድስቱ ሲያበራ አዴ ሎኮ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ነገም ድገሚው፣ ልጄ» አሉ። «ሳሩ ገና አልበቀለም።»