ስለ ዝግባዎቹ ጅቡቲ ድረስ

ዓመቱ ስንት እንደነበር ልክ አላስታውሰውም። አዲሱ ባቡር ገና አልጀመረም፣ ሞባይል ግን ቀበሌያችን ገብቷል፤ በዚያ መካከል ነው። ወሩ ሰኔ ነበር፣ ጅቡቲ የሚነድበት።

የሄድኩበት ምክንያት ይህ ነው። ከአንኮበር ወዲህ ካለው መንደራችን በላይ የዝግባ ጫካ አለ። አያቴም ሲወለድ ያገኘው እንዲሁ አርጅቶ ነው ይሉ ነበር። ምንጫችን የሚፈልቀው ከሥሩ ነው። አንድ ቀን መጋዝ የያዙ ሰዎች መጡ፤ ፈቃድ አለን አሉ። አሥራ አንድ ዝግባ ከጣሉ በኋላ ወጥተን በየግንዱ ሥር ተቀመጥን። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ኩታቸው እርስ በርስ ተቋጥሮ ነበር የሚሄዱት። እኛም ጋቢያችንን ከዛፎቹ ጋር ቋጠርን። ፖሊስ ተነሱ ቢለን አልተነሳንም። አራት ሰው ታሰረ፤ በማግስቱ ሚስቶቻቸው ቦታቸውን ያዙ።

የቆራጮቹ አለቃ ክፉ ሰው አልነበረም። "እኔ ቅጥረኛ ነኝ" አለን። "እንጨቱን የገዛው ጅቡቲ ያለ ነጋዴ ነው። እሱ ተው ካለኝ እተዋለሁ። እስከ ሰኞ ሳምንት ካልደወለ ግን እቆርጣለሁ።" የነጋዴውን መጋዘን አድራሻ በወረቀት ጽፎ ሰጠን። ከመንደሩ ባሕር ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ በወጣትነቴ ወደቡ ላይ ጆንያ ተሸክሜያለሁ። ስለዚህ እኔ ተላክሁ።

ከአዋሽ እስከ ጋላፊ

አዋሽ ላይ ባዶውን ወደ ወደብ የሚወርድ ተሳቢ መኪና አገኘሁ። ሾፌሩ ጨዋታ አዋቂ ነበር።

"አባባ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ለዛፍ ብለው ነው?"

"ለዛፍ።"

"እኔ ለሚስቴም ይህን ያህል አልሄድኩላትም።"

ሚሌ አደርን፤ ፍየል ጥብስ በእንጀራ ጋበዘኝ። ድንበሩ ላይ፣ ጋላፊ፣ የይለፍ ወረቀቴን አይተው አሳለፉኝ። ከዚያ ወዲያ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። አንዲት ግራር ሥር ሁለት ሰዎችና ሦስት ፍየሎች ጥላ ተሻምተው ቆመው አየሁ።

ባልባላ

ሾፌሩ ከጅቡቲ ከተማ ዳር፣ ባልባላ ጣለኝ። ሚኒባስ ስሳፈር አንድ የአገራችን ጫኝና አውራጅ ጋቢዬን አይቶ "አባባ፣ ብርዱንም ይዘውት መጡ?" አለኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

መሐል ከተማ ከአንድ ሱቅ ስልክ አስደወልኩ፤ ለአስካለ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚሉት ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች።

"ጋሽ ወልዴ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ዝግባዎቹ ሊሞቱ ነው።" ነገሩን ሁሉ ነገርኳት።

"ነገ ጠዋት እትዬ ቲማቲም ግዢ ብለው ገበያ ይልኩኛል። ካርቲየ 2 ሰፈር መጋዘኑ ጋ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ምንም እንዳያደርጉ።"

ካርቲየ 2

በማግስቱ ጠዋት መታገሥ አቃተኝ። እሷ ሳትመጣ መጋዘኑ ጋ ደረስኩና የጋቢዬን ጫፍ ከብረት በሩ ጋር ቋጥሬ ተቀመጥኩ። ነጋዴው መጣ፤ ሐጂ ይሉታል፤ ጢሙን ሂና የተቀባ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማያንስ ሰው። ተናገረ፣ አልገባኝም። ፀሐይዋ ስትበረታ በዘበኛው እጅ በጣሳ ውሃ ላከልኝ። ሳይሰማኝ ውሃውን አልቀምስም ብዬ መለስኩት። የሐጂ ፊት ጠቆረ። ዘበኛው ቢላ አውጥቶ ወደ ጋቢዬ መጣ።

አስካለ ዘንቢሏን ይዛ ስትሮጥ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው።

"ጋሽ ወልዴ፣ ውሃውን ለምን መለሱ?"

"ሳይሰማኝ?"

"አጠፉ። እዚህ ውሃ የመለሰ እንደ ጠላት ነው የሚታይ፤ በፖሊስ ያስነሳዎታል። ከጠጡ ግን እንግዳው ነዎት። እንግዳውን ከደጁ ያስነሳ ሰው መንደሩ ያማዋል። ይጠጡ፤ ግን አይነሱ።"

ጣሳውን ተቀብዬ እስከ ሥሩ ጨለጥኩት። ሐጂ ሳቀ፤ ዘበኛውን መልሶ ወንበር አስመጣልኝ።

በአረብኛ አስተረጎመችልኝ። "የወደቁትን አሥራ አንዱን ይውሰዱ፤ የቆሙትን ይተዉልን" አልኩ። እሷ ከእኔ ረዘም አድርጋ ተናገረች።

"ምን ጨመርሽበት?"

"እናቴ የምትቀዳው ከዚያ ምንጭ ነው አልኳቸው።"

ዘንቢሏ ውስጥ ስልኳ ጠራ፤ አሠሪዋ ናት። አየችውና መልሳ ቲማቲሙ ሥር ከተተችው።

ሐጂ "ከፍዬበታለሁ፤ ደግሞም ጫካ አይቼ አላውቅም፤ እንጨት ብቻ ነው የማውቀው" አለ።

"እንግዲያው ይምጡና ይዩት" አልኩት። "ውሃ እኛም ዘንድ አለ።"

ሐጂ ባዶውን ጣሳ ከእጄ ተቀበለና ስልኩን አወጣ። ለቆራጮቹ አለቃ ሲናገር አስካለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "የወደቀውን ጫን፣ ሌላውን አትንካ አለው" አለችኝ። የጋቢዬን ቋጠሮ እሷ ፈታችልኝ።

"ካባረሩኝ አብሬዎት አገሬ እገባለሁ" አለችና ወደ ሥራዋ ሮጠች።

ቤት

በአምስተኛው ቀን መንደር ገባሁ። መጋዞቹ ሄደዋል፣ የታሰሩትም ተፈተዋል። ሰዉ ግን ጋቢውን ከዛፉ አልፈታም ነበር። "ስልኩን አላመንነውም፤ አንተን ነው የጠበቅን" አሉኝ። ያን ቀን በየተራ ፈታን።

እምቢ ማለት ፊት መንሳት ይመስለኝ ነበር። የሰውየውን ውሃ ጠጥቶ ከደጁ አለመነሳትም እምቢታ እንደሆነ የተማርኩት በዚህ ጉዞ ነው። ሐጂ እስካሁን አልመጣም፤ ከመጣ ምንጩ አለ። አስካለንም አሠሪዋ ተቆጥታ ተወቻት እንጂ አላባረረቻትም አሉ። ጅቡቲ ላይ እጄን ይዛ ያሻገረችኝ የጎረቤቴ ልጅ አስካለ ናት።