ደሟ የጠላው መርፌ

ትናንት አሶሳ ውስጥ ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ የአልኮል ሽታ አፍንጫዬን መታውና፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ የሆነው ሁሉ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ታናሽ እህቴን እታገኝን ጉሮሮዋን አሟት፣ አባቴ ባምባሲ አጠገብ ወደነበረች ትንሽ ክሊኒክ ወሰደን። ሐኪሙ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነበር፤ አማርኛው ስብርብር ያለ ነው። ፔኒሲሊን ወጋት። ወዲያው ከንፈሯ አበጠ፤ ትንፋሿ ሲጥ ሲጥ እያለ ወለሉ ላይ ተዘረረች።

«ልጄን ገደልካት!» አባቴ ሐኪሙን አንቆ ከግድግዳው ጋር አላተመው። ግንባሩን በዱላ ሲፈነክተው ደሙ ነጭ ጋዋኑ ላይ ወረደ። እኔ የአባቴን እግር ጥምጥም አድርጌ ይዤ እጮሃለሁ።

ሐኪሙ አልሸሸም። «አባባ፣ እሱ መርዝ አይደለም! ልጅ ደም መድኃኒት ጠላ! ሌላ መርፌ አለ፣ ልቀቅ!» እያለ፣ ዱላው ጀርባው ላይ እየወረደ፣ ድኾ ሄዶ ጭኗን ወጋት።

ደም መድኃኒትን እንዴት እንደሚጠላ አልገባኝም ነበር።

ጥቂት ቆይታ እታገኝ አለቀሰች። አባቴ ዱላውን ጥሎ፣ ጋቢውን ቀዶ የሐኪሙን ግንባር አሰረለት።

ዛሬ እታገኝ የልጆች እናት ናት። ሐኪም ስሟን ሲጠይቃት አስቀድማ «ፔኒሲሊን ይገድለኛል» ትለዋለች። ስሟን የምትነግረው ያንን ጽፎ ሲጨርስ ነው።