ዘግይቶ የሚመልሰው

ሰውዬው የራሱን አምፕሊፋየር ተሸክሞ ነው የመጣው። የክሊቭላንዱ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ሻጭ ሌላንድ ስድስተኛውን የማስተጋቢያ ፔዳል፣ የጊታሩን ድምፅ ደግሞ የሚመልሰውን፣ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ሰካለት፤ ከፊት ቢሰካ ማሚቶው ከአምፕሊፋየሩ ሻካራ ድምፅ ጋር ይጨማለቃል። ሰውዬው የአውቶቡስ ሾፌር ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ቁጭ ብድግ ይላል። በጊታሩ አራት ኖታ ይመታና መልሱ ሳያልቅ ይነቅለዋል።

«ይኼም ቶሎ ይመልሳል። ነገ መድረክ ላይ ሁለተኛውን ጊታር ይመታልኝ የነበረው ጓደኛዬ የለም።»

«ፋዘር፣ ሱቁን እኮ ጨረሱት!» ሌላንድ ሳቀ። «የቀረው ይኼ አሮጌ ነው። እሱ ደግሞ ይንቀረፈፋል፤ ምቱን አይጠብቅም።»

ሰውዬው አራቱን ኖታ መታ። መልሱ እየተንገዳገደ፣ ዘግይቶ መጣ። እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

«ይኼን ስጠኝ» አለ። «ሃያ ዓመት አብረን ስንጫወት እሱም አንድ ቀን በሰዓቱ ገብቶ አያውቅም።»